በባዶ እጅ የጠበቀ ብሎን

ፕሮፌሰሩ ዕድሜ ልኩን ሲያጥብ የኖረው አንዲት ጥፍር የምታክል ብረት ነው። እናቱ በሕይወት ሳለች ጎረቤት "ልጅሽ ምን ይሠራል?" ብሎ ሲጠይቃት "ተምሮ ተምሮ ብረት አጣቢ ሆነልኝ" እያለች ታስቅበት ነበር። አልዋሸችም። ሙያው የነገሮችን ገጽ ማጥናት ነው። ብረት ውስጡ ምንም ይሁን ምን ከዓለም ጋር የሚገናኘው ላይ ላዩን ባለችው የመጨረሻዋ ንብርብር ነው፤ ዝገቱም የሚጀምረው፣ ቀለሙም የሚይዘው እሷ ላይ ነው። ያቺን ንብርብር ለማየት ታዲያ ብረቷ መጽዳት አለባት።

መጽዳት ሲባል በውሃና በሳሙና እንዳይመስላችሁ። ብረቷ አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ትልቅ የብረት ዕቃ ውስጥ ትገባለች። ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ የቤተ ሙከራው ሰዎች ዕቃውን "ጋኑ" ይሉታል። ጋኑ አንዴ ከተከፈተ በአልሙኒየም ፎይል ተጠቅልሎ ሁለት ቀን ሙሉ ይጋገራል፤ ግድግዳው ላይ የቀረች እርጥበት ሁሉ ተንና እስክትወጣ ድረስ። እንዲህ ተለፍቶ አንድ ሰው በጣቱ ነካ ቢያደርገው ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ጣት ላብ አለው፣ ላብ ጨው አለው፣ ጨው ደግሞ ሙቀት ሲያገኝ አርፎ አይቀመጥም፣ ተንኖ ብረቷ ላይ ይለጠፋል።

ስለዚህ ጓንት ግድ ነው። ፕሮፌሰሩ በዚህ ቀልድ አያውቅም። "ጓንት!" ብሎ ሲጮህ ድምፁ ሁለት ፎቅ ወርዶ ይሰማል። ተማሪዎቹም ጋሽ ጓንት ብለው ስም አወጡለት። ያውቅ ነበር፤ በሆዱም ደስ ይለው ነበር። አሁን አሁን ግን ያን ስም ሲሰማ እስከ ጆሮው ድረስ ይቀላል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ያኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። ዶክትሬቱን ይዟል፣ ቋሚ ቦታ ግን የለውም፤ በየዓመቱ በሚታደስ ውል ያስተምራል። የዚያ ዓመት ውል ሊያልቅ አራት ወር ሲቀረው ብረቷን የምትይዘው ብሎን ላላች። የምስር ፍሬ የምታክል ብሎን ናት። በጓንት ሊያጠብቃት ሞከረ፣ አዳለጠው። ደግሞ ሞከረ፣ ደግሞ አዳለጠው። በሦስተኛው ተናደደና ጓንቱን አውልቆ ጥሎ በባዶ ጣቱ አጠበቃት።

ቴክኒሻኑ ካቻቢቴ ይዞ አጠገቡ ቆሟል። በዕድሜ ትንሽ ይበልጠዋል፣ አብረው ነው ያደጉት ማለት ይቻላል፤ ሰው በሌለበት አንተ ይለዋል።

"ኧረ ተው አንተ ሰውዬ! በጣትህ?"

"ሁለት ቀን ይጋገር የለም እንዴ? ምን ይተርፈዋል?"

ቴክኒሻኑ አልተከራከረም። የቤቱ ሕግ ግን ሕግ ነው፤ ጋኑ በተከፈተ ቁጥር የተሠራው ሁሉ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። በዚያች ደቃቅ ጽሑፉ አንድ መስመር ጻፈ፦ "ብሎኑ በባዶ እጅ ጠብቆ ጋኑ ተዘጋ።"

በአራተኛው ቀን የብረቷን ንብርብር በብርሃን ነጥቦች በሚያሳየው አረንጓዴ መስታወት ላይ፣ ከተለመዱት ነጥቦች ዙሪያ፣ ስድስት ነጥቦች ቀለበት ሠርተው ወጡ። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያች ብረት ላይ ያየ ሰው አልነበረም። የላይኛው ንብርብር በሙቀት ራሱን በራሱ አደራጀ ማለት ነው ብሎ ተረጎመው። ጮኸ። ቴክኒሻኑን ወገቡን ይዞ አሽከረከረው። ብሎኗ ትዝ አላለችውም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ትዝ ብላው ነበር፣ "ላቡ ተቃጥሎ አልቋል" ብሎ አሳለፋት እንጂ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ቁልቁለት ነው፤ ሳይደክሙ የሚሮጡበት። ጽሑፉ በትልቅ መጽሔት ወጣ። ቋሚ ቦታ አገኘ። ተባባሪ ፕሮፌሰር ሆነ፣ ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነ፣ ቀለበቱም መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ በሥዕል ገባ። ሌሎች አንዳንዴ ያገኙታል፣ አንዳንዴ ያጡታል። ያጡት ሰዎች ደብዳቤ ሲጽፉለት መልሱ አንድ ነበር፦ "ናሙናችሁን በደንብ አጽዱ።"

ሃያ ዓመት አለፈ። አንዲት የዶክትሬት ተማሪ መጣች። ቁጥብ ናት፣ ሳታጣራ አትናገርም። ሥራዋ ቀለበቱ በስንት ሙቀት እንደሚወለድና በስንት እንደሚጠፋ መለካት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የሚለካ ነገር አጣች። ረቡዕ ረቡዕ ቡድኑ ሲሰበሰብ አንገቷን ደፍታ "ዛሬም አልመጣም" ትላለች፤ እሱም "ብረቷ አልጸዳችም" ይላታል። ልጅቷ አጥባ አጥባ ብረቷን ልትጨርሳት ደረሰች።

አንድ ረቡዕ ግን ፊቷ ሌላ ሆኖ ገባች።

"ፕሮፌሰር፣ ቀለበቱ መጣ!"

"እሰይ! ምን አድርገሽ?"

"ብሎኑን በባዶ እጄ ነካሁት። ሆን ብዬ። ሦስት ጊዜ ነካሁት፣ ሦስቱንም ጊዜ መጣ። በጓንት ሳጠብቀው አይመጣም።" ማስታወሻዋን ዘረጋችለት። "ቀለበቱ የብረቱ አይመስለኝም። የላባችን ጨው ነው።"

ክፍሉ ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ነበር። ያቺ የምስር ፍሬ የምታክል ብሎን የፕሮፌሰሩ ዓይን ላይ ድቅን አለች። ልጅቷ እውነቷን እንደሆነ በዚያችው ቅጽበት ገብቶታል። "እስኪ ቁጭ በይና አሳዪኝ" ማለት ሁለት ትንፋሽ አይፈጅም ነበር። እሱ ግን ፕሮፌሰር ነው፤ ፕሮፌሰር ደግሞ አሥራ አንድ ሰው ፊት አይደነግጥም፣ ይቆጣል።

"እኔ ቤተ ሙከራ ውስጥ? በባዶ እጅ? ሁለት ዓመት ያስተማርኩሽ ይህን ነው?"

ከካርቶኑ አንድ ጥንድ ጓንት መዘዘና እጇ ላይ አስቀመጠላት። "እንቺ፣ ይህን ይዘሽ ቤትሽ ሂጂ። ሳህን ስታጥቢ ይጠቅምሻል።"

ሰው ሳቀ። ግማሹ ስላሳቀው፣ ግማሹ እሱን ስለፈራ። ልጅቷ ጓንቱን አጥፋ ኪሷ ከተተች፣ ማስታወሻዋን ሰበሰበች፣ "እሺ ፕሮፌሰር" አለችና ወጣች። በነጋታው አልመጣችም። ከዚያም አልመጣች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ፤ ልጠራት ቢል በምን አፉ?

በሦስተኛው ሳምንት፣ እሑድ ጠዋት፣ ሕንፃው ጭር ባለበት ሰዓት ብቻውን ሄዶ ጋኑን ከፈተ። ግራ ቀኝ አየ፣ ልክ እንደ ሌባ። ጓንቱን አወለቀ፣ ብሎኗን በጣቱ ነካ፣ ዘጋ፣ በፎይል ጠቀለለ። ጋኑ ሁለት ቀን ከተጋገረ በኋላ ሌሎቹ ሳይገቡ ቀድሞ መጥቶ መስታወቱን አበራው። ቀለበቱ ስድስት ነጥቡን ደርድሮ ጠበቀው፤ ውበቱ እንደ ጥንቱ። አጠፋውና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። መዝገቡ ላይም ምንም አልጻፈም፤ ያን ሕግ ሲጥስ የመጀመሪያው ነበር።

ነገ እናገራለሁ አለ። ነገ ሲመጣ ጉባኤ ነበረው። ከጉባኤው በኋላ እናገራለሁ አለ። እንዲህ እያለ ዘጠኝ ዓመት ነገ ነገ አለ። በመሀሉ ለተማሪዎች "ጓንት!" እያለ ይጮኻል፤ በጮኸ ቁጥር ያቺ ልጅ ጓንቱን ስታጥፍ ይታየዋል፣ ያፍራል። አፍሮም ይጮኻል።

ጡረታው ደረሰ። የፋካልቲው ዲን ድግስ የሚወድ ሰው ነው፤ ሽኝቱን በትልቁ አሰበው። ሕንፃው መግቢያ ላይ የመስታወት ሳጥን ይቆማል፤ ውስጡ ያቺ ታሪካዊት ብረት ትቀመጣለች፣ አጠገቧ መዝገቡ ቀለበቱ በተገኘበት ሳምንት ገጽ ላይ ተከፍቶ።

"ያ ገጽ ራሱ ቅርስ ነው፣ ፕሮፌሰር!" አለ ዲኑ።

"መዝገቡ ጠፍቷል" አለ ፕሮፌሰሩ። ከአፉ እንዴት እንደወጣ እሱም አላወቀም።

"ምን በወጣው ይጠፋል?" አለ ከበሩ በኩል ቴክኒሻኑ። ጡረታ ቢወጣም ፓምፑ በታመመ ቁጥር ይጠራል። "እኔ ዘንድ ነው። ነገ አመጣዋለሁ።"

በማግሥቱ አመጣው። ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ ገልጦ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ያቺ ደቃቅ መስመር ቀለሟ እንኳ አልደበዘዘም።

"ታውቅ ነበር?" አለ ፕሮፌሰሩ።

"የጻፍኩት እኔ አይደለሁ?"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አልክ?"

"ዝም አላልኩም፣ ጻፍኩ። የእኔ ሥራ መጻፍ ነው፤ የአንተ ሥራ ማንበብ ነበር።" ቴክኒሻኑ ቁጭ አለ፣ ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። "ልጅቷ የወጣች ቀን ግን መናገር ነበረብኝ። እንጀራዬን ፈራሁ። እኔም አፍራለሁ፣ አንተ ብቻ እንዳይመስልህ። ጋን በጠጠር ይደገፋል ይላሉ፤ ጠጠሩን ረግጠን ነው የቆምነው።"

ፕሮፌሰሩ መዝገቡን ከደነው።

በዚያው ሳምንት ባለቤቱ፣ ዕድሜዋን ሒሳብ ስታስተምር የኖረች ሴት፣ "ንግግርህን በዚያ በተሰነጠቀ መነጽር ልታነብ ነው?" ብላ አዲስ አሠራችለትና እንዲያመጣው ላከችው። የመነጽር ቤቱ ጠባብ ነው። ከባንኮኒው ጀርባ፣ በመስታወት በተከለለች ክፍል ውስጥ፣ አንዲት ሴት ሽርጥ ለብሳ ሌንስ ትሞርዳለች። ማሽኑን አጥፍታ መነጽሩን በጣቶቿ ጫፍ ጠርዝ ጠርዙን ይዛ መጣች።

"እንደምን አሉ፣ ፕሮፌሰር?"

እሷው ናት። ጠጉሯ ውስጥ ጥቂት ሽበት ገብቷል እንጂ እሷው ናት። እሷ እንደማንኛውም ደንበኛ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አድርጋለት፣ ከጆሮው ኋላ አስተካክላ፣ መስታወት ፊቱ ላይ ያዘችለት። መስታወቱ ውስጥ ራሱን አየ፤ ሽማግሌ፣ ፊቱ በላብ የወረዛ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ምንኛ በወደደ። መነጽሩን አውልቆ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና "ረፍዶብኛል" ብሎ እየተደናቀፈ ወጣ። በጠዋት ነው ይህ ሁሉ፤ ምንም አልረፈደበትም።

"መነጽሩስ?" አለች ባለቤቱ።

ያን ቀን ነገራት። ከብሎኗ እስከ እሑዱ፣ አንድም ሳያስቀር። ሥራውን በሚመለከት ሁሌም "እሺ፣ ገባኝ" እያለች የምታልፈው ሴት ዛሬ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ሲጨርስ ስለ ቀለበቱ ምንም አልጠየቀችም።

"ጓንት ሰጠሃት?"

"አዎ።"

"ሳህን ማጠቢያ አልካት?"

"አዎ።"

"ሰው ፊት?"

"ሰው ፊት።"

ባለቤቱ ተነስታ መስኮቱን ከፈተች፤ ቤቱ የታፈነ ይመስል። "ተማሪ ሲሳሳት የሚያፍረው ተማሪው ነው። ተማሪ ልክ ሲሆን ያሳፈረውን አስተማሪ ግን እኔ ምን እንደምለው አላውቅም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሂድ።"

በማግሥቱ ሄደ። ልጅቷ ብቻዋን ነበረች።

"መነጽርዎን ረስተው ሄዱ" አለችው።

"አልረሳሁም። ሸሸሁ።"

"አውቃለሁ።"

ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። "ልክ ነበርሽ። ቀለበቱ የላብ ጨው ነው። የመጀመሪያውም፣ የእኔም። ሞክሬ አይቻለሁ።"

"መቼ?"

ይህን እንደምትጠይቀው አላሰበም ነበር። "አንቺ በወጣሽ በሦስተኛው ሳምንት። እሑድ ቀን።"

ሌንስ የምትወለውልበት እጇ ቆመ። "ዘጠኝ ዓመት ሙሉ" አለች ቀስ ብላ፣ "ምናልባት ጋኑ ቆሽሾ ይሆናል፣ ምናልባት እኔ ነኝ፣ ምናልባት ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም እያልኩ ራሴን ስበላ፣ እርስዎ ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

እንድትጮህበት ፈለገ። አልጮኸችም። መነጽሩን በጨርቅ ጠርጋ በማኅደሩ ከትታ ሰጠችው። ሐሙስ በሽኝቱ ላይ በጉባኤው ፊት እንደሚናገር ነገራት፣ እንድትመጣም ለመናት። "እስኪ እናያለን" አለችና ወደ ማሽኗ ተመለሰች።

ሐሙስ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ብረቷ በመስታወት ሳጥኗ ከመድረኩ ሥር ተቀምጣለች፣ መዝገቡም አጠገቧ። ፕሮፌሰሩ አዲሱን መነጽር አደረገ። የተዘጋጀውን ንግግር አጥፎ ኪሱ ከተተና የመዝገቡን መስመር በቃሉ ተናገረ፦ "ብሎኑ በባዶ እጅ ጠብቆ ጋኑ ተዘጋ።" መጀመሪያ ሰዉ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ደገመው። ያቺ ጣት የእሱ እንደነበረች፣ ስሙ የቆመበት ቀለበት የላቡ ጨው እንደሆነ፣ ይህን ቀድማ የደረሰችበት አንዲት ተማሪው እንደነበረች፣ እሱም በማይገባ ቃል እንዳሳዘናት ተናገረ።

እሑዱን ሊናገር አፉን ከፈተ። ዘጠኝ ዓመት አውቆ ዝም እንዳለ ሊናገር። ቃሉ ሳይወጣ ዲኑ ብድግ አለና "ክቡራንና ክቡራት! ትሕትና ማለት ይህ ነው! የሳይንስ ሰው ማለት ይህ ነው!" ብሎ እጁን አጨበጨበ። አዳራሹ ተከተለው። ሰዉ ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበ፤ እንባዋን የጠረገችም አለች። ፕሮፌሰሩም አፉን ዘጋ። ያኔ የዘጋት አፍ ከሁሉም የከፋችዋ ናት፤ ጭብጨባው ለአንዲት ቅጽበት ጣፍጦት ነበርና። ያን ጣዕም ሲያስበው እስከ ዛሬ ይሸማቀቃል።

ዓይኑን ሲያነሳ ሳያጨበጭቡ የቀሩ ሦስት ሰዎች አየ። ባለቤቱ ከፊተኛው ረድፍ። ከኋላ በሩ አጠገብ ቴክኒሻኑ። ከቴክኒሻኑ ጎን፣ የሥራ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ፣ እሷ።

ሰዉ ወደ መጠጡ ሲወጣ ወደ እሷ ሄደ።

"መጣሽ" አላት።

"መጣሁ። አሁንም ጭብጨባው ለእርስዎ ሆነ።"

አንገቱን ደፋ።

"ሰዉ ዛሬ ነገሩ ተገልጦልዎት ዛሬውኑ የተናገሩ ነው የመሰለው" አለች። "እኔ ንግግር አልፈልግም። ጽሑፉ ለወጣበት መጽሔት ደብዳቤ ይጻፉ። ማንም የማያጨበጭብበትን።"

"እጽፋለሁ። ነገ ጠዋት..." ብሎ ጀመረና ተወው። ነገ። የስንት ዓመት ነገ። "አሁን እጽፋለሁ" አለ።

ዲኑ በአንድ እጁ ብርጭቆ ይዞ "ፕሮፌሰር፣ እንግዶች እየጠበቁ ነው እኮ!" እያለ መጣ። የፕሮፌሰሩ ባለቤት የዲኑን ክንድ ያዝ አድርጋ "ይጠብቁ፤ የቤት ሥራ አለበት" ብላ ወደ ውጭ መለሰችው። ቴክኒሻኑ ከኪሱ ካቻቢቴ አወጣ፣ የመስታወት ሳጥኑን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታ፣ መዝገቡን አውጥቶ አመጣ። ልጅቷ ከቦርሳዋ ማስታወሻዋን አወጣች፤ ያው የዱሮው ነው፣ ጠርዙ ተበልቷል። ፕሮፌሰሩ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ የንግግሩን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ገልብጦ ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። እሷ ቆማ፣ እሱ ተቀምጦ፤ ረቡዕ ረቡዕ የነበረው ተገላቢጦሽ።

"ከየት ልጀምር?" አላት።

"ከብሎኑ።"

ጻፈ። ቀኑን፣ የብሎኗን መላላት፣ የወለቀውን ጓንት። ከዚያ የእሷን ሦስት ሙከራዎች፣ እሷ እያነበበችለት፣ ከነሙቀታቸው ጻፈ።

"ከዚያስ?" አላት።

"ከዚያ እሑድን።"

ብዕሩ ቆመ። አሁን ጉባኤ የለም፣ የሚያስቸኩል የለም፣ በጭብጨባ የሚያቋርጠውም የለም። ጣቶቹ አልበው ነበርና ወረቀቱን የያዘበት ቦታ ላይ የአውራ ጣቱ እርጥብ አሻራ ታተመ። ከዚያ "እሑድ" ብሎ ጻፈ፤ ወሩንም፣ ዓመቱንም፣ ጋኑን ብቻውን እንደከፈተም፣ ቀለበቱን አይቶ እንዳጠፋውም፣ "ከዚያን ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር" የሚለውንም። እሷ ከትከሻው በላይ ቆማ እያንዳንዷን ቃል አነበበች።